የአባቴ ነጠላና የእኔ ካቻቢቴ

የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ቤታችን የገባው በቃሬዛ ነው። የላሊበላን ዳገት የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። ባጃጁ እስከቻለው ድረስ አደረሰንና "ከዚህ በላይ እኔም አልወጣ፣ እሱም አይወጣ" ብሎ ማሽኑን አራግፎ ወረደ። ሁለት ጎረቤቶቼ ባሕር ዛፍ አጋድመው ቃሬዛ ሠሩ። እኔ ደግሞ እንዳይጫር ብዬ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቃሬዛ የሚሄድ ነገር ሁሉ ሕመምተኛ ነው፤ ሕመምተኛ ያየ መንገደኛ ደግሞ ትከሻውን ሳያውስ አያልፍም።

ከገበያ ወደ ብልባላ የሚመለሱ ገበሬዎች አህዮቻቸውን አብረዋቸው ለነበሩት ልጃገረዶች ትተው መጡ። "እግዜር ይማረው" እያሉ ተራ በተራ ገቡበት። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ምኑን ነው ያመመው ልጀ?" አሉኝ። እኔም ከድካሙ የተነሣ ሌላ መልስ አልመጣልኝምና "ሆዱን ነው፣ አልንቀሳቀስ ብሏል" አልኳቸው። "አዬ፣ ሆድ ክፉ ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በራችን ልንደርስ ስንል ብርድ ልብሱ ተንሸራተተና ክቡ የመስታወት በር ብቅ አለ። ተሸካሚዎቹ ቀጥ አሉ። ሽማግሌው መስታወቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ "ከያዝነውማ እናድርሰው" አሉ። እስከ ደጃፉ ድረስ አንድም ሰው ትከሻውን አላወረደም። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በር ላይ ቆመው ለሁሉም መስቀል አሳለሙ። ማሽኑን ግን አላሳለሙትም።

ለዓመታት በአንድ ሆቴል የልብስ ክፍል ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ግማሽ ክፍሉን ዘጋ፣ እኛንም ቀነሰ። ጓሮ ተጥሎ ዝናብ የሚመታውን ይህን ማሽን "ልውሰደው?" ስላቸው ዘበኛው ሳይቀር "ገላገልሽን" አለኝ። እኔ የማውቀው ቁልፉን መጫን ነው። ውስጡ ሲበላሽ ከሌላ ከተማ ባለሙያ ይጠራ ነበር። ግን ሰው ያሰረውን ሰው ይፈታዋል ብዬ ተነሣሁ። እኔ ደግሞ ካልኩ አልኩ ነው፤ እናቴ ይህን ጠባይ ከአባቴ ወገን ነው ትላለች፣ አባቴ ከእናቴ ወገን ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የእናቴ እጅ ነው። የጣቶቿ አንጓዎች አብጠዋል። ጠዋት ጠዋት የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት እኔን ትጠራኛለች፤ ስቆልፍላት ወደ ሌላ ታያለች። ሐኪሙ "ቀዝቃዛ ውሃ አትንኪ፣ ልብስ አትጭመቂ፤ አለበለዚያ ጣቶቹ እንዲህ እንደታጠፉ ይቀራሉ" ብሏት ነበር። እሷም እዚያ ሆና "እሺ የኔ ጌታ" አለችው፤ ቤት ስትደርስ ሳፋዋን አወጣች። ምክንያቱም የአባቴ ነጠላ አለ። ጋቢው አለ፣ ጥምጣሙ አለ። አባቴ ነጭ ለብሰው ከዳገቱ ሲወርዱ ከሩቅ ይለያሉ፣ ሴቶቹም ባሎቻቸውን ትተው የእናቴን እጅ ያደንቃሉ። በላስታ ብርድ፣ ማለዳ፣ ውሃው አጥንት በሚሰነጥቅበት ሰዓት ነው ያን ነጭ የምታወጣው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚያ ጣቶች ሳይታጠፉ እንዲቆዩልኝ።

ማሽኑን ግቢ ውስጥ ካለችው ዳስ ሥር አስቀመጥኩትና ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታሁት። ስልኬ ላይ ኔትወርክ ሲኖር አንድ የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቋንቋ እንዲህ ያለ ማሽን ሲፈታ አይ ነበር። ቋንቋው ባይገባኝም እጁ ይገባኛል። አባቴ ከዳዊታቸው ቀና ብለው "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አሉ፣ ለማንም ሳይሉ። እኔም ለማንም ሳልል "ዶሮዋ ካቻቢቴ አልነበራትም" አልኩ።

ደግነቱ ሕመሙ ፊት ለፊት ታየኝ። ቺንጋው ተበጥሷል። ሞተሩ ሲዞር ልብስ የሚገባበትን ሆድ ይዞ የሚያዞረው ይህ የጎማ ቀበቶ ነው። ደስ አለኝ፤ እዚያ ውስጥ ካለው ሁሉ የገባኝ እሱ ብቻ ነበር። የተበጠሰውን ለወልድያ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼ "እንዲህ ያለ አምጣልኝ" አልኩት። ሹፌሩ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፣ ግን በራሱ ጊዜ። ያ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ጀርባው ተከፍቶ ቆመ። ያን ቀን የተሸከሙት ሰዎች ባለፉ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ "ተሻለው?" ይሉኛል። አባቴ ደግሞ "ላም አለኝ በሰማይ" ብለው ይጀምሩና የቀረውን ለእኔ ይተዉልኛል።

ቺንጋው የመጣው በወሩ ማርያም ቀን ነው። መብራትም ሰንብቶ የመጣው በዚያው ቀን ነው። መብራት ኃይልና እኛ የተለያየ የቀን መቁጠሪያ እንዳለን ያኔ ነው የገባኝ፤ በሥራ ቀን ይጠፋል፣ በበዓል ቀን ሲበራ ይውላል። ካቻቢቴዬን ይዤ ብድግ ስል እናቴ በር ላይ ቆመች።

"በማርያም ቀን?"

"ልብስ አላጥብም እኮ እማዬ። መጠገን ነው።"

"መጠገን ሥራ አይደለም?"

"በሽተኛ ማከም በበዓልም ይፈቀዳል።"

"አበስኩ ገበርኩ! ብረቱን ክርስትና አስነሺዋ!"

አባቴን ዳኛ አደረግናቸው። አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "በዓል ለሰው ዕረፍት ነው" አሉ። "ማሽኑ ይረፍ አይረፍ እኔ አላውቅም። አንቺ ግን ሰው ትመስይኛለሽ።" ካቻቢቴው መሳቢያ ገባ። በማግሥቱ መብራት ጠፋ። እኔም እግዜር ይይልኝ ብዬ መብራት ኃይልን በሁለቱም የቀን መቁጠሪያ ተራገምኩት፣ በልቤ።

ቺንጋውን ግን መብራት ባይኖርም ማግባት ይቻላል። ከአንድ ጎን አስገብቼ፣ ሆዱን በእጄ እያዞርኩ፣ ጣቴን ሁለቴ ቀርጥፎኝ ገባ። መብራት ሲመጣ ቁልፉን ተጫንኩት። ዞረ! እንደ ወፍጮ እያጓራ ዞረ። እኔም አብሬው ዞርኩ፣ ግቢውን በሙሉ። የቀረው አንድ ችግር ውሃ ነበር። ማሽኑ ውሃ የሚያስገባባት በመብራት የምትከፈት ትንሽ መዝጊያ ተቃጥላለች። ብትሠራም ብዙ አትጠቅመኝም ነበር፤ የእኛ ቧንቧ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም እንደ ሕፃን ሽንት ነው። መዝጊያዋንም ለሹፌሩ አዘዝኩ። እስከዚያው የሳሙና መክተቻውን ስቤ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰስኩበት። ማሽኑ ውሃው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ሆዱ ሲሞላ ሥራውን ይጀምራል። ሲያጥብ ቆይቶ ሲያለቀልቅ ግን እንደገና ይጠማዋል፣ ስለዚህ አጠገቡ ቆሞ የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ አንሶላና የእኔን ልብስ አጠብን። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ በመስታወቱ ሲያይ ዋለ። እናቴም አየች፣ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ። "ምኑን አሸው?" አለች። "ዝም ብሎ እኮ ያንከባልለዋል።" አንሶላው ሲወጣ ግን ጠርዙን በሁለት ጣቷ ይዛ ጭምቀቱን ለካች። ጠብታ አልወጣውም። ራሷ ገመድ ላይ አሰጣችው፤ ለእናቴ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። አሸነፍኩ አልኩ።

አላሸነፍኩም። በማግሥቱ ማለዳ ስወጣ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣለች። ሳፋው ፊቷ ነው፣ የአባቴ ነጠላ ውሃው ውስጥ ነው፣ ጣቶቿ እንደ በርበሬ ቀልተዋል። ጨርቁን ልትጭመቅ ትሞክራለች፣ እጇ አልታዘዝ ይላታል፣ በክንዷ አቅፋ ትጠመዝዘዋለች። እኔ ስናደድ ድምፄ አይታዘዘኝም።

"ይሄ ማሽን ለማን ነው የመጣው? ለእኔ ካልሲ?"

"አትጩሂ፣ አባትሽ ጸሎት ላይ ናቸው።"

"ሐኪሙ ምን አለሽ? ጣትሽ እንዲታጠፍ ነው የምትፈልጊው?"

"የሌላውን ልብስ ሁሉ ሰጥቸሻለሁ። ይሄን ተይልኝ።"

"ለምን?"

ነጠላውን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ውሃው በቀሚሷ ላይ ይወርዳል።

"ስሚ ልጀ" አለችኝ። "እሳቸው ይቀድሳሉ። እኔ መቅደስ አልገባ፣ ዜማ አላውቅ። ከሴቶቹ ጋራ ቆሜ አስቀድሸ እመለሳለሁ። እሳቸው ነጭ ለብሰው ብቅ ሲሉ ግን 'ይሄ የኔ ነው' እላለሁ። ያን ጊዜ እኔም እዚያ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ከቅዳሴው የደረሰኝ ይሄ ነው። እሱን ደግሞ ለዚህ ለብረት ልስጠው?"

ቁጭ ብዬ የነጠላውን አንዱን ጫፍ ያዝኩላት፣ አብረን ጨመቅነው። ውሃው እስከ ክንዴ ድረስ አደነዘዘኝ። ያን ጠዋት ሙሉ አዘንኩ፤ እጇን ባድንላት ደስታዋን እወስድባታለሁ፣ ደስታዋን ብተውላት እጇ ይሞታል። ይህን በካቻቢቴ የሚፈታ ቪዲዮ የለም።

ነገሩን ያንቀሳቀሱት አባቴ ናቸው። ማለዳ የተናገርነውን ሁሉ ሰምተዋል፤ ጸሎት ላይ ያለ ቄስ አይሰማም ብላ የምታምን ሚስቱ ብቻ ናት። ምሳ ላይ እንጀራቸውን ቆርሰው ሳይጎርሱ ያዙትና "እኔ ከእጅሽና ከነጠላዬ ምረጥ ብባል" አሉ፣ "ያደፈ ለብሼ እቀድሳለሁ።" እናቴ ደነገጠች። ያደፈ ነጠላ ለብሰው ሲቆሙ ታያት መሰለኝ። "እንግዲያው አንድ ጊዜ ይሞከር" አለች። "ግን በእንዶዴ ነው። በዚያ በዱቄት ሳሙና አይደለም።"

እንዶድ የምታውቁ ሰዎች አሁን ፈገግ ብላችኋል። ፍሬው ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ አረፋ የሚያወጣ፣ የእናቶቻችንን ጋቢ ያነጣ የቆላም የደጋም ሳሙና ነው። በሳፋ ውስጥ አረፋውን እጅ ይገዛዋል። ማሽን ውስጥ የሚገዛው የለም። ነጠላው እንደገና ያደፈ ቀን እኔ "ጥቂት ብቻ፣ አጥልለሽ" ብዬ ጀሪካን ላመጣ ዞርኩ። እናቴ በዚያች ቅጽበት አንድ ሙሉ ገንቦ የተዘፈዘፈ እንዶድ ከነገለባው ገለበጠችበት። ነጠላው እንዳይጎድልበት ብላ።

ስመለስ ማሽኑ ጢም አውጥቶ ነበር። አረፋው በሳሙና መክተቻው ወጣ፣ በበሩ ዙሪያ ወጣ፣ ከሥር ወጣ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ሸሹ፣ ቀጥሎ መጥተው ቀመሱት። አረፋው ግቢውን አልፎ ወደ መንገድ ሲወርድ አንዲት ጎረቤታችን "እናንተ ቤት ጠላ ገነፈለ?" ብላ ጮኸች። እናቴ በሁለት እጇ አረፋውን ወደ ውስጥ ልትመልስ ትታገላለች፣ እኔ በሳቅ ቁጭ ብያለሁ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!" አልኳት። "ሳቂ፣ ሳቂ!" አለች፣ እሷም አላስቻላትም፣ እስከ ጉልበቷ አረፋ ውስጥ ቆማ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር።

ሳቁ ማሽኑ ቀጥ ሲል አበቃ። ውሃውን አላፈስ አለ፣ በሩም አልከፈት አለ። ነጠላው በመስታወቱ ውስጥ ኩሬ ላይ ይንሳፈፋል። በማግሥቱ አባቴ ተረኛ ቀዳሽ ናቸው። እናቴ መስታወቱን በመዳፏ ዳበሰችው። "አሰርሽብኝ" አለች፣ በቀስታ። ከመጮኋ ይልቅ ይህ ልቤን መታው። አሁን ካበላሸሁት ሁለተኛ እድል እንደማይኖር ሦስታችንም እናውቃለን።

ከፊቱ፣ ከታች በኩል፣ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ማጣሪያ አለ። ውሃው በዚያ በኩል አልፎ ነው የሚወጣው። ከሥሩ ሳፋ አኖርኩና ክዳኑን ቀስ ብዬ ጠመዘዝኩት። ውሃው ፈሰሰ፤ ሳፋው ሲሞላ እዘጋለሁ፣ እደፋለሁ፣ እንደገና እከፍታለሁ። በመጨረሻ ጣቴን አስገብቼ የታነቀውን አወጣሁ። የእንዶድ ገለባ ነው፣ ከሰም ጋራ ተቦክቶ። ሰሙ የጧፍ ነው፤ አባቴ የተራረፈ ጧፍ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ያን ቀን ሳይፈቱት ነው የታጠበው። ልወረውረው ስል እናቴ ክንዴን ያዘች። "የቤተ ክርስቲያን ጧፍ አይጣልም!" ስለዚህ ጥገናው ቆመ፤ ተቀምጣ ሰሙን ከገለባው ለየች፣ በጨርቅ ቋጠረችው፣ ከዚያ "በይ ቀጥይ" አለችኝ። እኔ እንደሆንኩ በዚህ ቤት የሥራ ኃላፊ ሆኜ አላውቅም።

ክዳኑን መልሼ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አስለቀለቅነው። ውሃውን ተፋ፣ ነጠላውን ጨመቀ፣ ቆመ፣ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። እናቴ ነጠላውን አወጣችና ወደ ብርሃን ያዘችው። ጥለቱን፣ ስፌቱን፣ ጫፉን በጣቷ ተከተለች። "ከአያያዝ ይቀደዳል" እያለች ቀዳዳ ፈለገች። ቀዳዳ የለም። አሸተተችው። እንዶድ እንዶድ ይላል።

"ነጭ ነው" አለች። ቅር እያላት።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ገባልን። እንዶዱን አጥልላ በአንድ ስኒ ትለካለች። ውሃውን እሷ ታሞቃለች፣ በማንቆርቆሪያ እሷ ታፈስሳለች፣ አጠገቡ በርጩማ ይዛ የምታዳምጠውም እሷ ናት። ድምፁን ከእኔ ይልቅ ለየችው፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማው የሚያጓራ ብረት ነው፣ እሷ ግን "ጠማው" ትላለች፣ ትነሣለች። ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም፣ አትጨምቅም። እብጠቱ ቀስ በቀስ እየቀለለ ሄደ። አንድ ጠዋት ቁልፏን ልቆልፍላት ስሄድ ቆልፋ አገኘኋት፣ ዘወር ብዬ አለቀስኩ። ለጎረቤቶቿ ደግሞ "የማጥበው እኔ ነኝ፣ እሱ ያሽልኛል" ትላቸዋለች። እኔ ፈታሁ፣ እኔ ገጠምኩ፣ ጣቴ ተቀረጠፈ፤ ስሜ አይነሣም። ይህ ትንሽ ያንጨረጭረኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሹፌሩ ያቺን መዝጊያ ያመጣት ረስቻት ሳለ ነው። ወዲያው ጉጉቴ ተነሣ። በርሜል በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጌ ነበርና ውሃው በራሱ ግፊት ይወርዳል። እናቴ ማጀት ውሃ ስታሞቅ ጀርባውን ፈታሁ፣ የተቃጠለችውን አወጣሁ፣ አዲሷን አስገባሁ፣ ሽቦዋን ሰካሁ። መብራት ነበር፣ በዓል አልነበረም፤ ሰማይና ምድር ታርቀውልኛል። ቁልፉን ተጫንኩ። ጠጣ። ያለ ማንም እርዳታ፣ ግልጥ ባለ ድምፅ፣ ውሃውን ጠጣ። ከተሸከምነው ቀን ጀምሮ ሙሉ ጤነኛ የሆነው ያን ጊዜ ነው። አባቴ በርጩማቸው ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ያዩኛል። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ። "እማዬ ነይ!" ልል አፌን ከፈትኩ።

እናቴ ከማጀት ወጣች። በአንድ እጇ የሚጤስ ማንቆርቆሪያ፣ በትከሻዋ የአባቴ ነጠላ። ማሽኑን አጥፍቼ ቀና ስል የተፈታውን ጀርባና መሬት ላይ የወደቀችውን አሮጌ መዝጊያ አየች።

"ያ ዕቃ መጣ እንዴ?"

"መጣ።"

"እንግዲህ ራሱ ይጠጣላ።"

ካቻቢቴዬን መሬት ላይ አኖርኩ።

"ጥሩ ነው" አለች። "ዕረፍት ነው።" ማንቆርቆሪያውን መሬት አኖረችው። ከዚያ እጆቿን የምታደርግበት አጣች። ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደች፣ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። እነዚያን ጣቶች እንዲታጠፉና እንዲዘረጉ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ሥራ ፈትተው አየኋቸው።

"አልገጠመም" አልኳት።

"ምን?"

"መዝጊያዋ ናታ። ልኳ ሌላ ነው። ስታገል ዋልኩ፣ አልገጠመችም።" እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ሽቦዋን ነቀልኩ።

"ወይ ድካምሽ!" አለች። ፊቷ ግን ከአፏ ቀድሞ ተፈታ። "ግድ የለም ልጀ፣ ምን አስጨነቀሽ? እኔ አለሁለት አይደል?" ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ፣ ነጠላውን ወደ ሆዱ አስገብታ፣ በርጩማዋን ሳበች። ውሃውን ስታፈስስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም።

አባቴ ከመነጽራቸው በላይ ቆይተው አዩኝ። ማሽኑ ውሃውን ሲጠጣ በዓይናቸው አይተዋል፣ በጆሯቸው ሰምተዋል። እኔም የንስሐ ልጃቸው ባልሆንም የቄስ ልጅ ነኝ፣ ውሸት ምን እንደሆነ አውቃለሁና አንገቴን ደፋሁ። ካቻቢቴዬን ላነሣ ጎንበስ ስል ወደ እኔ አዘነበሉ።

"ለዚችስ ንስሐ አልሰጥሽም" አሉኝ፣ እማዬ እንዳትሰማ፣ ቀስ ብለው።